በግንቦት መግለጫ መሀል የተሸሸገው ፓይ

በማዘጋጃ ቤታችን ጸሐፊ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከተማችን ኤልም ፎርክ አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ ያለች፣ ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላት ከተማ ናት። በየወሩ አንድ ገጽ መግለጫ እጽፍና ከውሃ ሂሳቡ ጋር በፖስታ ለየቤቱ እልካለሁ። የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ፣ ፖሊስ በወሩ ምን እንደገጠመው፣ ለበረዶ ጠረጋ ከተያዘው በጀት ምን ያህል እንደቀረ፣ ይኸው ነው።

በሚያዝያው የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ከንቲባችን ዳርሊን፣ "ሎዌል፣ አትቀየመኝና ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው አለ?" አለችኝ። ዳርሊን የጸጉር ቤት ባለቤት ናት፤ ነገር ማድበስበስ አትወድም። "እኔ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የማየው። ብንተወውስ?"

"አላውቅም" አልኩ። እውነቴን ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት "አነበብኩት" ያለኝ ሰው አልነበረም። ፊቴ ሲለዋወጥ ይታወቀኛል።

ከኋላ ወይዘሮ ቬርና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከስብሰባችን የማይቀሩ ብቸኛ ነዋሪ ናቸው።

"ከመከራከር መሞከር ይሻላል" አሉ። "አንተ ልጅ፣ በሚመጣው ወረቀት መሀል አንዲት መስመር ጣል አድርግ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት እሳት አደጋ ጣቢያ የመጣ፣ ፍራፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ፓይ ይበላል በል። ጋጋሪዋ እኔ ነኝ።"

"ስንት ይጋግራሉ?" አለች ዳርሊን።

"ሁለት።"

"አንዱም ይተርፋል።"

እንደተባልኩት አደረግኩ። "ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ስለሚታጠቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ነጭ ልብስ አትጠቡ" ከሚለው ቀጥዬ፣ ፊደሉን ሳላደምቅ፣ የወይዘሮ ቬርናን የፓይ ነገር ጻፍኩ። ከዚያ ወደ አስፋልት ጥገናው አለፍኩ።

ቅዳሜ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መኪናቸውን ወደ ውጭ አውጥተው አንድ ጠረጴዛ ዘረጉልን። ስምንት ሳህን ይዤ ስመጣ ዳርሊን ሳቀችብኝ።

መጀመሪያ የመጡት ኦርቪል የሚባሉ በቆሎ አምራች ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ሕፃን የታቀፉ ባልና ሚስት መጡ። ቀና ብዬ ወደ መንገዱ ብመለከት መኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተደርድሯል። መቶ አርባ ሰው ላይ ስደርስ መቁጠር ተውኩ። ግማሾቹ በእጃቸው የተሸፈነ ነገር ይዘዋል። "ቬርና ብቻዋን መቼ ታዳርሳለች ብለን ነው" አሉ፣ የፖም፣ የቼሪና የዱባ ፓያቸውን እየደረደሩ።

ኦርቪል ትከሻዬን ያዙኝ። "ያቺ ባንክ ገብታ አልወጣም ያለችው ፍየል ትዝ ትልሃለች? 'ፖሊስ አነጋግሮ በሰላም ሸኝቷታል' ብለህ ጽፈህ ነበር። ሚስቴ ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።"

"እኔ በጀቱን ነው የማነበው" አለች አንዲት ነርስ። "አንተ ስትጽፈው ይገባኛል።"

ከወደ በሩ የቆመ አንድ ሰው ደግሞ፣ "በየካቲት ስለ ሁለተኛው መንገድ ጉድጓድ 'በቅርቡ ይደፈናል' ብለሃል። ቅርብ የምትለው ስንት ወር ነው?" አለኝ። የመንገድ ክፍሉ ኃላፊ አፉን በፓይ እንደሞላ "ሰኞ" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሰኞም ደፈነው።

"ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኳቸው ኦርቪልን።

"ቧንቧ ከፍተህ ውሃ ሲመጣልህ ደውለህ ታመሰግናለህ?"

ከእሳት አደጋ መኪናው ጀርባ ሄጄ ዓይኔን ጠረግሁ። ዳርሊን የቼሪ ፓይ ይዛ ተከትላኝ ኖሯል። "ወረቀቱ ይቀጥላል" አለች፣ ሳህኑን እጄ ላይ እያስቀመጠች። "እኔም ከዛሬ ጀምሮ አነባለሁ።"

ሰዉ እስከ አሥር ሰዓት አልተበተነም። በመጨረሻ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቱቧቸውን ከፍተው ልጆቹን ሁሉ አራሷቸው፤ ዳርሊንንም ጭምር፣ ያውም ጸጉሯን በተሠራች ዕለት።