ከቀኝ እግሩ

የካዛንቺስ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት የፋኢዛን እናት ራቢያን በር ላይ አስቆመቻት። «ፋኢዛ ጎበዝ ልጅ ናት። ‹በ›ን ስትጽፍ ግን፣ ማለቴ፣ ከቀኝ እግሩ ነው የምትጀምረው። ቤት አስተካክሏት በቃ።»

ራቢያ ልማዱ ከማን እንደመጣ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ባሏ ሸምሱ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ቁርአን ቤት ገብቶ ስለነበር፣ እጁ ከቀኝ መነሣት ለምዶ አማርኛውንም እንደዚያው ይጽፍ ነበር። በሞተበት ዓመት ክረምት ላይ ታብሌት ገዛ። ልጁ በጣቷ እየተከተለች እንድትለማመድም ፊደሎቹን ሁሉ በገዛ ጣቱ ጽፎ ሞላላት፤ ፊደሉ ሲነካ ታብሌቱ አጻጻፉን እንዳለ ይደግመዋል።

ራቢያ ቤት እንደገባች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ታብሌቱን ከፈተችው። ‹በ›ን ስትነካው ሰማያዊ መስመር ከቀኝ እግሩ ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ፣ ሸምሱ ሲጽፍ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ቆም አለ፤ ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ ወረደ። ከሥሩ «እንደገና ጻፍ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ነክታ በትክክል ብትጽፈው የሸምሱ ይጠፋል።

ቁልፉን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ‹በ›ን ነካችና፣ ጣቷን ከመስመሩ ኋላ አስከትላ አብራው ወጣች። ማዕዘኑ ጋ አብራው ቆመች።

በማግስቱ ጠዋት መምህርቷ፣ «አስተካከላችኋት?» አለቻት።

«እኛ ቤት ከቀኝ ነው የሚጀመረው» አለች ራቢያ። «እንዳለች ተዪያት።»