የስፖንጅ ድንጋይ

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሏል ይኸ ነው። ሰዉ ትኬቱን ቆርጦ፣ ከአይከል የመጡት የደራሲዋ ዘመዶች አዘዞ አድረው በጠዋት ጎንደር ገብተው፣ ቴአትሩ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው አዘጋጁ አምሐ ድንጋዩን ለወጠው።

ደራሲዋ የትነበርሽ ጉዱን ያየችው ከመድረኩ ጀርባ ስትገባ ነው። ለወራት ሲለማመዱበት የከረሙት ጥቁር ድንጋይ ጥግ ተጥሏል። በቦታው ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ግራጫ ቀለም የተቀባ ነገር ተጎልቷል፤ የቀለሙ ሽታ እንኳ ገና አልለቀቀውም። ምነው ምን ሆናችሁ ብትል አምሐ ረጋ ብሎ አስረዳት። ድንጋዩን የሚሸከመው ተዋናይ አስናቀው አንገቱን አሞታል፤ የክብር እንግዶቹም ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲያቃስት ማየት ደስ አይላቸውም፤ ደግሞስ ከሩቅ ማን ይለየዋል?

ደሟ ፈላ። ማን ይለየዋል ይላል እንዴ! አባቷ ይለዩታላ። አያ ይታየው ጋቢያቸውን ደርበው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቴአትሩ የእሳቸው ታሪክ ነው። በወጣትነታቸው ጭልጋ ውስጥ ሠርግ ላይ ለደስታ የተኮሱት ጥይት ወለላ የምትባል እናትን አንድ ልጇን ገደለባት። ባገሩ ወግ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ሄደው ወለላ ደጅ ተንበረከኩ። ያንን ድንጋይ የሚያወርደው የተበደለው ሰው ብቻ ነው፤ እስኪያወርድለት ድረስ በዳዩ ከነሸክሙ ይቆያል። አባቷ ታሪኩን እንድትጽፈው ሲፈቅዱ የለመኗት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው እንዳይስቅብኝ አሏት። እሷም በኪዳነ ምሕረት ምላላቸዋለች።

«አምሐ፣ ድንጋዩን መልስ» አለችው።

ጊዜ የለም አላት። ወደ አስናቀው ብትዞር አስናቀው መሬት መሬት ያያል። እሪ ልትል አፏን ስትከፍት መጋረጃው ተከፈተና ንዴቷን ዋጥ አደረገችው።

የፈራችው አልቀረም። አስናቀው መጀመሪያ ደህና ተጫወተ፤ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ አቃሰተ፣ ተንበረከከ። ወለላን ሆና የምትጫወተው ዝናሽ ግን ለውጡን የነገራት አልነበረም። ምስኪን፣ እንደለመደችው ጥርሷን ነክሳ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ድንጋዩን ከአንገቱ ሳበችው። ስፖንጁ ከእጇ አምልጦ ሽቅብ በረረ፤ ነጠረና ነጠረና አያ ይታየው እግር ስር አረፈ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የክብር እንግዶቹም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አያ ይታየው ጎንበስ ብለው አነሱት። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ገባ፣ ሲለቁት ተመለሰ። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አቀረቀሩ።

ሰዉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የትነበርሽ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እርር ድብን ብላለች። አባቷን ቀና ብላ ማየት አፈረች። እሳቸው ስፖንጁን ያገላብጣሉ፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አምሐ ከመድረኩ ጀርባ ወጣ። የከተማ፣ የማራኪ ሰፈር ልጅ ቢሆንም የገጠሩ ወግ አልጠፋውም፤ ያንን የጣለውን ጥቁር ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ እየተንገዳገደ መጣና ተንበረከከ። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «አያ ይታየው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«መሐላዋን ነው ያፈረስክባት» አሉት። «ማውረዱ የእሷ ነው።»

የትነበርሽ ወጉን ታውቀዋለች። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ማቆየት ነውር ነው፤ እጅ ቶሎ ይዘረጋል። የእሷ እጅ ግን አልዘረጋ አለ። አምሐ ከታች ወደ ላይ አያት።

«ትንሽ ይክበደው» አለች።

አምሐ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ይኸን ሸክም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ መቼም ይራሩልኛል ብሎ ነው። አያ ይታየው ስፖንጁን ከጭናቸው አንስተው ወለሉ ላይ አኖሩት፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«ወለላም ቶሎ አላወረደችልኝም» አሉት።