በቁጥር የጮህኩባት

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሩቲ ናት። በቁጥር ግን ማንም አያታልለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሸክላ ሸጫለሁ። ያዋረደኝም ይኸው ነው።

ሩቲ የቤት ፕላን የምትሠራበት ኮምፒውተር ተንቀራፈፈባትና፣ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ካለው የሃዊ ሱቅ ተጨማሪ ራም ገዛን። ራም የሚሉት ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ፍጥነቱ 3200 ይላል። ሃዊ ማሽኑን ራሱን አምጡት፣ ከድሮው ራም ጋር አስማምቼ ፍጥነቱን ላስተካክለው አለች። እኔ ብልጧ፣ ሁለተኛ ልታስከፍይን ነው ብዬ ሩቲን ጎትቼ ወጣሁ።

ሩቲ ቤት ሰካችውና ፍጥነቱን የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። 2133። በዓይኔ አየሁት። ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ልጠይቃት ብትል ማን ይስማት። በማግስቱ ሱቁ ሰው ሞልቶት ሳለ ገባሁና «ሌባ ነሽ፤ አንዱን አሳይተሽን ሌላ ሰጠሽን» አልኳት። ልታስረዳኝ ስትል ቁጥር አታስተምሪኝ አልኩ። ግራጫ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ሊያሠራ የሰጣትን ስልክ መልሶ ተቀብሏት ወጣ።

ከሰዓት ሩቲ ደወለችላት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ሌላ ነበር። ለካ ራም የተጻፈበትን ያህል በራሱ አይሮጥም፤ በቀስታ ይነሳል፣ ፍጠን የሚለው ሰው ነው።

«እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም» አለችኝ። «ራስሽ ውሰጂላት።»

በነጋታው የኮምፒውተሩን ሳጥን እንደ ድሮው እንስራ ጀርባዬ ላይ አስሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ያየ ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ሃዊ ይቀመጡ ብላኝ ማሽኑን አስነሳች። ፍጥነቱን ስትጨምረው ስክሪኑ ጨለመ፣ ማሽኑ አልነሳ አለ። አመሌ አይለቅ፣ «አላልኩም?» ሊያስብለኝ ሲል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«ሁለቱ ራሞች እኩል አይደሉም፣ እማማ» አለች ሳታየኝ። «ሲጠየቁ ስንት ምት ቆይተው እንደሚመልሱ የሚወስን ቁጥር አለ። ትንሽ ፋታ ካልሰጠኋቸው ይሳሳታሉ።»

አሥራ ስድስት የነበረውን አሥራ ስምንት አደረገችው። ተነሳ። 3200። አለመሳሳቱ ግን አንድ ሰዓት መፈተን አለበት አለች። ደርሼ ልመለስ ማለት እችል ነበር። ተቀመጥኩ። የገባው ሁሉ እኔን አይቶ እሷን ያያል።

ያን ቀን ስጮህ እዚያው የነበረችው ጎረቤቴ ቦሰና ገባች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሰረቀችሽ?» አለችኝ እየሳቀች።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «ምንም አልሰረቀችም» አልኩ። «ሳላውቅ ነው የጮህኩት። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የሰሙትን ሁሉ እንዲህ ብላለች በያቸው።»

ቦሰና ሳቋን ዋጠች። ሃዊ ቀና አላለችም። «ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል» ብቻ አለች።

ሩቲ ማሽኑ በረረ ትላለች። ስልኩን ተቀብሎ የወጣው ባለኮፍያ ሰውዬ ግን፣ ተሳስቼ ነው እንዳልለው፣ ቤቱ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መድኃኔ ዓለም በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ወንድ ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ።