አርባ ደቂቃ በፀሐይ

እስከ ታኅሣሥ ስድስት ቀን ድረስ ላቦራቶሪያችን እንዲህ ነበር። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማንበቢያ መሣሪያ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የክፍሉ ሙቀት ሰባት ዲግሪ። ፀሐይ የምትገባው በምሥራቁ መስኮት ብቻ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ የመስኮቱ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ብዙ ዓመት ለቆየ ሠራተኛ ይሰጣል። አሥራ አንድ ዓመት የእኔ ነበር።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የቢሊሩቢን ስታንዳርድ እሠራለሁ። ቢሊሩቢን አራስ ሕፃናትን ቢጫ የሚያደርጋቸው ነገር ነው። ስታንዳርድ ደግሞ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ያሉ መሣሪያዎች የሕፃኑን ደም የሚለኩት ከእሱ ጋር እያነጻጸሩ ነው። አሥር ሚሊግራም ዱቄት እመዝናለሁ፣ አሟሟለሁ፣ ከጤነኛ ሰዎች ደም በተለየ ሴረም፣ ማለትም በደም ውሃ፣ ሃምሳ ሚሊሊትር እስኪሆን እሞላለሁ። በዴሲሊትር ሃያ ሚሊግራም ይሆናል። ብርሃን እንደሚያበላሸው ስለማውቅ ሥራው እንዳለቀ ጠርሙሱን በፎይል እጠቀልላለሁ። በመለያ ወረቀቱ ላይ «ንጋቷ» ብዬ ስሜን እጽፋለሁ። ከአንኮበር እስከ አረርቲ ያሉ ዘጠኝ ጤና ጣቢያዎች ይህን ስም ያውቁታል።

ሔራን የተቀጠረችው በመስከረም ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስታንዳርድ መሥራት እንድትለምድ ሲፈቀድላት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም። ጋቢ ደርባ፣ ዱቄቷን ይዛ፣ መስኮት የሌለው መጋዘን ገባች። ያለው አንድ ደካማ አምፖል ነው።

«ምነው፣ ፀሐይ ጠላሽ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ ንጋቷ፣ እኔማ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ለቢሊሩቢኑ ብዬ ነው እንጂ።»

ኃላፊያችን አቶ ገብረ ጻድቅ ከት ብለው ሳቁ። «ይቺ ልጅ መጋዘናችን ውስጥ ሱባኤ ገባች!»

እኔ አልሳቅኩም። አሳሳቃቸው የአድናቆት ነበር። ለእኔ እንደዚያ ስቀው አያውቁም።

ታኅሣሥ ስድስት፣ ሰኞ፣ የሁለታችንን ስታንዳርድ በማንበቢያው መሣሪያ ጎን ለጎን አነበብን። የእኔ ከእሷ በአሥራ ሁለት በመቶ አነሰ። እስከዚያ ቀን የእኔ አዲሱ ሥራ የሚነጻጸረው ከራሴ ከቀድሞው ጋር ብቻ ነበር።

«ከሁለታችሁ አንዷ ተሳስታለች» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ትክክለኛ መጠኑ በታሸገ ፖስታ ውስጥ የተጻፈ ናሙና ነበራቸው። «ሐሙስ ሁለታችሁም አዲስ ትሠራላችሁ። ናሙናውን በሁለቱም እንለካዋለን። ወደ እውነቱ የቀረበው ለዘጠኙ ጤና ጣቢያ ይላካል። ከዚያ ወዲያ ስታንዳርድ የምትሠራው ያሸነፈችው ናት።»

እስከ ሐሙስ ሔራንን ስከታተል ቆየሁ። ስህተት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ስትመዝን ትንፋሿን ትይዛለች። ቁጥር ጽፋ አትሰርዝም። እኔ በእሷ ዕድሜ እሰርዝ ነበር።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለታችንም ጨርሰን ነበር። ሔራን በፎይል የተጠቀለለ ጠርሙሷን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ደም ልትቀዳ ወደ ታች ወረደች። ብቻዬን ቀረሁ። ፎይሉን ፈታሁና ጠርሙሷን ፀሐይዋ በቀጥታ በምታርፍበት የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አቆምኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው። ከሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ፤ አርባ ደቂቃ። ከዚያ በዚያው ፎይል፣ በዚያው እጥፋት መልሼ ጠቀለልኩት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ናሙናው በእኔ ስታንዳርድ 17.1፣ በሔራን 17.0 ተነበበ።

«ተስማማችሁ እኮ!» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ።

ሔራን ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። እኔ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ፖስታው እስኪቀደድ ነው። ፖስታው 15.0 ይላል።

«ፖስታው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ተጽፎ ይሆናል» አለች ሔራን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰኞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። እትዬ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተውበታል። ዛሬ የእኔም ከእሳቸው ጋር ገጠመ።»

አቶ ገብረ ጻድቅ አገጫቸውን አሹ። «እንግዲያው የንጋቷ ይላክ። አንቺም ሱባኤሽን ፍቺና ወደ ፀሐይዋ ውጪ።»

የፈለግኩት ሁሉ ሆነልኝ። ነገር ግን የሔራን ጠርሙስ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ እንደቆመ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ዱቄቱን ከመዘንኩበት ጠርሙሱን እስከጠቀለልኩበት ያለው ሰዓት በየሥራው ተጽፏል፦ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ፣ አርባ አንድ፣ አርባ። ሁሉም ጠዋት፣ ሁሉም በዚያው መስኮት። ፀሐይዋ ከእሷ ጠርሙስ የወሰደችውን ያህል ከእኔም ስትወስድ ኖራለች። ስታንዳርዱ ከተጻፈበት መጠን ሲያንስ የሕፃኑ ደም ከእውነቱ በላይ ይነበባል። በእኔ ቁጥር ስንት እናት አራስ ልጇን አቅፋ ያለምክንያት ከአንኮበር ደብረ ብርሃን እንደተላከች ላሰላ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

«አይላክ» አልኩ። «የሔራንን ጠርሙስ ፈትቼ መስኮቱ ላይ አቁሜዋለሁ። አርባ ደቂቃ። የእኔም ሲሠራ ያን ያህል ይቆያል። ሰኞ ትክክል የነበረችው እሷ ናት።»

አቶ ገብረ ጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ፣ ንጋቷ።»

«ለምን ግን፣ እትዬ?» አለች ሔራን።

«ቀንቼብሽ ነው።»

 «ሰዓቱንስ እንኳንም ያዙልኝ» አለችና ጠርሙሷን አንስታ ውሃ መውረጃው ላይ ደፋችው።

ከምሳ በኋላ ሁለታችንም መጋዘን ገብተን እንደገና ሠራን። ጀርባ ለጀርባ ነበርን። ያኔም ቢሆን ዞር እያልኩ እጇን አያለሁ። አሥር ሰዓት ላይ የተረፈውን ናሙና አቶ ገብረ ጻድቅ ራሳቸው ለኩት። በእኔ ስታንዳርድ 14.7 ተነበበ፤ በሔራን 14.9።