ከፊል አስተላላፊ

ኢስታርን ያስያዛት አንድ ቃል ነው። ቃሉን ያስተማራት ደግሞ መንግሥት ነው።

በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ የሶማሌ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ ድሬ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የአንድ ግሪክ ቡና ማከማቻ የነበረ ቤት ተወርሶ ነጭ ቀለም ተቀባ። አቧራ እንዳይገባ መስኮቶቹ በላስቲክ ታሸጉ። ሃንጋሪ የተማረ ኢንጂነር ወልደ ማርያም የሚባል ቀጭን ሰውዬ መጣና፣ ሬዲዮን የሚያናግረውን ነገር ከእንግዲህ እዚሁ አገራችን እንሠራዋለን አለ። በአገሪቱ በዓይነቱ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ነው ተባለ። ለጊዜው ኢንዱስትሪው ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃና ስድስት ልጃገረዶች ነበርን።

የተመረጥነው ጣታችን ቀጭን ስለሆነ ነው። ጭንቅላታችንን የጠየቀ የለም። እኔና ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል፤ ኢስታር እኔን ቀድማ አራተኛ ላይ ተለያይታለች። ቤታችን መጋላ ነው፣ ጎን ለጎን። አባቴ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ይሠራል። የእሷ እናት የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሁዮ ሻሚስ ይላታል፣ እማማ ሻሚስ እንደማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲሊከን የሚባል ከአሸዋ የሚወጣ ነገር አለ። ሲመጣልን እንደ ስስ ሳህን ክብ ሆኖ ነው፤ ወደፊት እሱንም ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ እናወጣዋለን ይላል ኢንጂነሩ፣ ደቻቱን በመስኮት እያየ። ሳህኑን ሰሊጥ እስኪያክል እንቆራርጠዋለን። ሰሊጡን በሁለት ሽቦ መሐል እንበይደዋለን፣ እናሽገዋለን። ዳዮድ ይባላል። ከዚያ በአምፖል ይፈተሻል፤ በአንድ በኩል ስትይዘው አምፖሉ መብራት አለበት፣ ስታዞረው መጥፋት አለበት። ሁለቴ ከበራም ሁለቴ ከጠፋም ይጣላል። ኢስታር ከሠራችው የሚጣል ብዙ አልነበረም። ከእኔ ይጣል ነበር።

መጀመሪያ ነገርየውን ሴሚኮንዳክተር ነበር የምንለው። በኋላ የፈረንጅ ቃል ይቅር የሚል መመሪያ ከላይ መጣና ከፊል አስተላላፊ ተባለ። ኢንጂነሩ ጠዋት ጠዋት ያስደግመን ነበር።

"አንዳንዴ ያስተላልፋል፣ አንዳንዴ አያስተላልፍም ማለት ነው" አለ።

"አክስቴ መስላኝ ነበር" አልኩ። "እሷ ግን ወሬ ላይ ሙሉ አስተላላፊ ናት።"

ኢስታር አልሳቀችም። ቃሉን በከንፈሯ ታጠናው ነበር። ቤቷ ሶማሊኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ አማርኛ ለእኛና ለመንግሥት ነው። ያወቀችውን ቃል ደግሞ ሳትጠቀምበት አታድርም።

ከመጋላ ወደ ከዚራ ስንሻገር ደቻቱ ድልድይ ላይ ኬላ አለ። ሴቶችን የምትፈትሸው ዘነበች ናት፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ጠመንጃ የያዘች የቀበሌ ጥበቃ። ሌላ ጊዜ "ሂዱ፣ አቦ" ብላ ታሳልፈን ነበር። ያን ቀን ግን ከሐረር የመጣ ተቆጣጣሪ አጠገቧ ስለቆመ የማታውቀን መሰለች።

"የት ነው የምትሠሪው?" አለቻት ኢስታርን።

"ፋብሪካ።"

"ምንድን ነሽ እዚያ?"

"ከፊል አስተላላፊ ነኝ።"

ተቆጣጣሪው ቀና አለ። "ምን ታስተላልፊያለሽ?"

"እኔ እንጃ፣ አቦ። በሬዲዮ ውስጥ ነው።"

"ለማን?"

"ለመንግሥት።"

"ከፊሉንስ?"

ኢስታር ውሸት አትወድም፤ አሰበችበት። "ግማሹ አያልፍም" አለች።

እኔ ከኋላ ሆኜ "ዳዮድ ነው የምንሠራው" አልኩ።

"ዳዮድ ማነው?" አለ ተቆጣጣሪው።

ኢስታርን ወደ ቀበሌ ወሰዷት፣ እኔ ወደ ፋብሪካ ሮጥኩ።

ከኢንጂነሩ ጋር ቀበሌ ስንደርስ ሁዮ ሻሚስ የወተት ዕቃዋን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ኢስታር ከቆርቆሮው በር ኋላ ነች። ተቆጣጣሪው ምሳ ሊበላ ሄዷል። ሲሄድ ለሊቀመንበሩ ለጓድ ገብረወልድ የተናገረውን ዘነበች በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ መኪናው ከምሳ በኋላ ወደ ሐረር ይሄዳል፣ ሊቀመንበሩ ኃላፊነት ከወሰደላት ትቀራለች፣ ካልወሰደ ትሳፈራለች። በዚያ ሰሞን ሐረር የተሳፈረ መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም። ጓድ ገብረወልድ ደግሞ ኃላፊነት ወስዶ አያውቅም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በጣም ቀላል ነው" አለ ኢንጂነሩ። "ሁለት ወገን አለ። በመካከላቸው ድንበር አለ።"

"ድንበር።"

"አዎ። በአንዱ ወገን ለጋሾች አሉ፣ በሌላው ተቀባዮች። ግፊት ሲኖር ድንበሩን ይሻገራሉ።"

"እነማን?"

"ኤሌክትሮኖች ናቸዋ። ቀዳዳዎች አሉ፣ በዚያ በኩል።"

ሊቀመንበሩ ዘነበችን አያት። "ቀዳዳውን ታውቁታላችሁ ማለት ነው።"

"ቀዳዳዎቹን የምንፈጥራቸው እኛ ነን" አለ ኢንጂነሩ በኩራት።

እግሩን ረገጥኩት። ጫማው የሃንጋሪ ስለሆነ አልተሰማውም። "ከውጭ ባዕድ ነገር በጥቂቱ እናስገባለን፣ ከዚያ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል አቋረጥኩት።

"ጋሼ ወልዴ፣ ክብሪቱን ስጠኝ።"

ኪሱ ውስጥ በክብሪት ቀፎ የሚይዘው አንድ ዳዮድ አለ፤ ፋብሪካችን መጀመሪያ የሠራው ደህና ዳዮድ። ኢስታር ናት የበየደችው። ምሳ ሲበላ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። እየከበደው ሰጠኝ። ሽቦ ከኪሱ አይጠፋም፣ እሱንም ተቀበልኩ።

"ዘነብ፣ ባትሪሽን አውሺኝ።"

"ድንጋዩ አዲስ ነው፣ እንዳታበላሺው።"

ባትሪውን ፈትቼ ሁለቱን ድንጋይ፣ አምፖሏንና ዳዮዱን በሽቦ አገናኘሁ። አምፖሏ ደከም ብላ በራች። ዳዮዱን አዞርኩት። ጠፋች።

"ምንም ነገር አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። በዚህ በኩል የመጣ ያልፋል፣ በዚያ በኩል የመጣ አያልፍም። ልክ እንደ እርስዎ ነው።"

ኢንጂነሩ ዓይኑን ጨፈነ።

"እንደ እኔ እንዴት?"

የተናገርኩት ሳላስበው ነበር፤ ግን ከአፌ ወጥቷል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። "ከላይ መመሪያ ሲመጣ እርስዎ ወዲያው ወደ ታች ያስተላልፋሉ። ከታች ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ..." ዘነበች ጉሮሮዋን ጠረገች። የሰፈራችን የቦኖ ውሃ ይሠራልን ብለን ስንት ጊዜ ለሊቀመንበሩ እንዳመለከትን እሷም ታውቃለች፤ እናቷም ከእኛ ጋር ተሰልፋ ነበር። "...ምንም አያልፍም" አልኩ።

ጓድ ገብረወልድ ወደ አምፖሏ ጎንበስ አለ።

"ሲያስተላልፍ አይጓተትም?" አለ።

"ወዲያው ነው።"

"ከታች የሚመጣውስ? ፈጽሞ?"

"መጥፎው ዳዮድ ያንጠባጥባል። ጥሩው ጠብ አያደርግም።"

እጁን ዘረጋ። ዳዮዱን ራሱ ያዘው። አበራ። አዞረ። አጠፋ። እንደገና አበራ።

"ታዲያ ይሄ ምኑ ከፊል ነው?" አለ። "ሙሉ አስተላላፊ ነው እንጂ።"

"ቃሉን እኛ አላወጣነውም፣ ጓድ።"

"ያ ቃል ከዚህ ቀበሌ ይጥፋ። ታፔላውም ላይ እንዳላየው። ነገርየው ከምንድን ነው የሚሠራው?"

"ከአሸዋ" አለ ኢንጂነሩ፣ ዓይኑን ሳይከፍት።

"በቃ። ዘነበች፣ ልጅቱን አውጪያት። ለጓድ ተቆጣጣሪ እኔው እነግረዋለሁ፣ የአሸዋ ሠራተኛ ናት።" ዳዮዱን ወደ መሳቢያው አስገባው። "ይሄ ለቢሮው ይቀመጥ።"

ኢንጂነሩ ዓይኑንም አፉንም ከፈተ። እግሩን ደግሜ ረገጥኩት፤ አሁን ተሰማው።

ኢስታር ስትወጣ ሁዮ ሻሚስ የወተቱን ዕቃ ከፍታ ሰጠቻት፣ ልጅቷም ቆማ ጠጣች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ኢስታር ጠየቀችኝ።

"አንቺ ናያ፣ ምን ብለሽው ነው የፈታኝ?"

"ዳዮድ ነዎት አልኩት።"

"አልተቆጣም?"

"ደስ አለው፣ ወላሂ።"

እሷ ግን ዳዮዱ ነው የቆጫት። የመጀመሪያዬ ነበር አለች።

ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ የአሸዋ ውጤቶች ማምረቻ የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ሦስት ሆኗል፣ ልጃገረዶቹም በዝተናል፣ ሁለተኛ ምድጃ በባቡር መጥቶልናል። የምንሠራው ዳዮድ አዲስ አበባ ሬዲዮ ለሚገጥሙት ይጫናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ትራንዚስተር እንጀምራለን ይላል ኢንጂነሩ። ባለፈው ወር ወርሳሜ የሚባል ሽማግሌ ከቢዮ አዋሌ ግመሎቹን እየነዳ መጥቶ ብሎኬት ጠየቀን። ኢንጂነሩ አስገብቶ ዳዮድ አሳየው። ሽማግሌው ሰሊጧን በመዳፉ ይዞ አገላብጦ ካያት በኋላ፣ በዚህች ብሎኬት ቤት ለመሥራት ዕድሜዬ አይበቃም ብሎ ሄደ።

ቦኖው አልተሠራም። ዘነበች የባትሪ ድንጋይ ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ነው ትላለች፤ ጓድ ሊቀመንበር ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ከፍቶ ባትሪዋን ያስመጣል።

በቀደም ተቆጣጣሪው እንደገና ከሐረር መጣ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ኢስታርን ከላይ እስከ ታች አያት። ዘነበችም የማታውቃት መሰለች።

"የት ነው የምትሠሪው?"

"አሸዋ" አለች ኢስታር።

ድሬ ውስጥ አሸዋ ገበያውም ነው፣ ሰፈሩም ነው፣ ወንዙም እሱው ነው። ተቆጣጣሪው ሌላ የሚጠይቀው አጣ።

"እለፊ።"