አዲሱ የፍሳሽ ክዳን

የግቢያቸው ፍሳሽ ክዳን ከተሰነጠቀ ጀምሮ ሽታው የተባለው አባወራ ሚስቱን ተሻለችን «ነገ እሠራዋለሁ» እያለ ሲያባብላት ከረመ። የሠራው ግን ከቀበራት በኋላ ነው። ፌሮ አስሮ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ አዲስ ክዳን ሞላ። ሲደርቅለት አሮጌውን አነሣ። ቱቦው በቅባት ተደፍኖ ስላገኘው፣ ያንን የሚያጥብበት ውኃ በድስት አፈላ።

ተሻለች ትኩስ ውኃ ስትደፋ፣ የማይታዩት እንዳይቃጠሉ «በስመ አብ፣ ዞር በሉ» ሳትል አትደፋም ነበር። እሱ ደግሞ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እያለ ይበሽቅባት ነበር። አሁንም ዝም ብሎ ድስቱን ዘንበል አደረገ።

«ኧረ በስመ አብ በል፣ አንተ ሰውዬ!» አለው ከጉድጓዱ ውስጥ።

ክው አለ። ግቢውን ቃኘ፤ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም የለም። ድምፁ ግን ያው ክዳኑን ሥራ እያለ ሲጨቀጭቀው የኖረው ድምፅ ነው።

ጎንበስ አለ። እንፋሎቱ ፊቱን አረጠበው።

«በስመ አብ» አለ ቀስ ብሎ። «ዞር በይ፣ ተሻለች፤ እንዳላቃጥልሽ።»

ድስቱን እንደያዘ ጠበቃት። ውኃው እጁ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

አዲሱ ክዳን እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጎረቤቶቹ «መቼ ነው የምትገጥመው?» ሲሉት፣ እሱ «ነገ» ይላል።