የቅዳሜ ብልጭታዎች

እንደ ፕሮፌሰሩ ማስታወሻ ከሆነ፣ ገንዳው ከታሸገበት ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ክዳኑ ተነስቶ አያውቅም። እንደ ገንዳ ጠባቂው አነጋገር ደግሞ ክዳኑ አርብ በመጣ ቁጥር ይነሳል። ሁለቱም ውሸት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል የተያዘችው የገንዳ ጠባቂው የወንድም ልጅ ነበረች፤ ሥራዋ ከፀሐይ ተነስተው ምድር የሚደርሱትን ኒውትሪኖዎች ብዛት መገመት ነው። ሠራተኛው ሁሉ አጎቷን «አባ ገንዳ»፣ እሷን «ቆጣሪዋ» ይላቸዋል።

ኒውትሪኖ ከፀሐይ እምብርት የምትወጣ ኢምንት ቅንጣት ናት። በአንድ የአውራ ጣት ጥፍር በኩል በየሴኮንዱ ስልሳ ቢሊዮን ያህሉ ያልፋሉ፤ የጥፍሩ ባለቤት ልብ አይልም። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ውሃ ውስጥ ስትላተም ጭል ብላ የምትጠፋ ብርሃን ትፈጥራለች። ያቺን ብርሃን ለመያዝ ነው፣ በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ተወርዶ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ንጹህ ውሃ የተሞላ ገንዳ የተቀመጠው። ገንዳው በቀን በአማካይ አሥራ ሁለት ብልጭታ ይቆጥራል። ቆጣሪዋ ከዚያች አሥራ ሁለት ተነስታ ቢሊዮኖቹን ታሰላለች።

ፕሮፌሰሩ ገንዳው ሳይሠራ በፊት፣ የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በእርሳስና በወረቀት ቀምረው «አሥራ ሁለት ይሆናል» ብለው ነበር። ያኔ ያልሳቀባቸው አልነበረም። አሁን ሳንባቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ውለዋል፤ ሐኪሙም ዓመቱን አይዘልቁም ብሏል። የሚጠብቁት አንድ ነገር ቢኖር ያቺ ቁጥር ታትማ ማየት ነው። ጽሑፉ ሐሙስ ሊላክ ተቆርጧል።

ማክሰኞ ጠዋት ቆጣሪዋ የመጨረሻውን ገጽ ስታሰናዳ፣ ይህ ነው የሚባል ምክንያት ሳይኖራት፣ የአራቱን ዓመት ብልጭታዎች በሳምንቱ ቀናት ደረደረቻቸው። ቅዳሜ አሥራ ስድስት። እሑድ አሥራ አራት ተኩል። እንዲህ እያለ ቁልቁል ወርዶ አርብ ዘጠኝ። ቅዳሜ ሲደርስ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ደግማ ደመረችው፤ ያው ነው። ፀሐይ ቅዳሜን ከሐሙስ አትለይም።

አጎቷ የቁጥጥር ክፍሉ በር ላይ ቦት ጫማውን ከጭቃ ሲጠርግ አገኘችው።

«ጋሼ፣ አርብ አርብ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ምን ይሠራል ትያለሽ? እኔ እሠራለኋ።»

«ገንዳውን ትከፍተዋለህ?»

«ታዲያ ውሃው ሲጎድል ቆሜ ልየው? ልኩን በሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ላይ ጣት ያህል ሲወርድ በባልዲ እሞላዋለሁ። አጣርቼ ነው ደግሞ፤ እንደምታስቢኝ አይደለም።»

መዝገቡን አውርዳ ገለጠችው። ቅጹ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ ሙቀት፣ ግፊት፣ ችግር። ከሁለት መቶ በሚበልጡት አርቦች ሁሉ ፊት፣ በአጎቷ የተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ፣ «ችግር የለም» ተብሏል።

«ለምን አልጻፍከውም?»

«የት ላይ ልጻፈው? ውሃ ጎደለ፣ ሞላሁት፣ ችግሩ አለቀ። ያለቀ ችግር ደግሞ ይጻፋል እንዴ?»

ቀስ ብላ አስረዳችው። አለቱ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል። ክዳኑ ሲነሳ ጋዙ ከጉድጓዱ አየር ጋር ገብቶ ከፀሐይዋ የማይለይ ብልጭታ ያበራል፤ ከዚያ በየአራት ቀኑ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ሌላ ባልዲ ይመጣል። አጎቷ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ስንት ባልዲ ነበር?» አለችው። መጠኑ ከታወቀ ምናልባት ተቀንሶ ይስተካከል ይሆናል።

«አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ ሰባት። እንደ ጥሙ ነዋ።» መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «እኔ እኮ ገንዳውን እንደ ልጅ አጠጥቼ ያሳደግኩት መስሎኝ ነበር።»

ቆጣሪዋ መዝገቡን ዘጋችው። የቀናቱን ሰንጠረዥ ቀድዳ ብትጥለው ማንም አያውቅም፤ ብልጭታን በሳምንቱ ቀናት የሚደረድር ሰው የለም። ይህን ያሰበችበትን ቅጽበት ጠላችው፤ ከሐሳቡ ለመውጣት ግን እስከ ማምሻው ፈጀባት።

በማግስቱ ከሰዓት ፕሮፌሰሩ ዘንድ አብረው ሄዱ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፤ ከአልጋው ራስጌ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሲስ ይላል። ፕሮፌሰሩ ብርድ ልብሳቸው ላይ የጽሑፉን ረቂቅ ዘርግተው ነበር፤ አሥራ ሁለቷን በእርሳስ ከብበዋታል። ቆጣሪዋ ሰንጠረዡን ከረቂቁ አጠገብ አስቀመጠችላቸው። ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ጣታቸው ከቅዳሜ ተነስቶ አርብ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለ አጎቷ፣ ባርኔጣውን እያሸ።

«አንተ ሰውዬ፣ አራት ዓመት አንድ አሳንሰር ላይ ስንወርድ፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አትልም?»

«መቼ ጠየቁኝ? እርስዎ የሚጠይቁት ፀሐይን ነው።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ እስኪያባራ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።

«ጋዙ ሲወጣ ስንት ይቀራል?»

«አምስት፣ ቢበዛ ስድስት» አለች። «እሱንም አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

«ቢሞላ ግማሽ ነው።» ጣሪያውን አዩ። «በአዲስ ውሃ ለመቁጠርስ?»

«ሁለት ዓመት። ከዚያ ባነሰ አይሆንም።»

ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሦስት ሰዎች ያንን ሒሳብ ለመሥራት እርሳስ ያስፈለገው አልነበረም።

«ጽሑፉ ላይ ቀድሞ የሰፈረው ያንቺ ስም ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ። ድምፃቸው የልመና አልነበረም፤ የትእዛዝም አልነበረም። «እንዳለ ይሂድ ብልሽስ፣ ልጄ?»

አጎቷን አላየችውም። እርሳሱ የከበባትን ቁጥር አየች፤ ሃያ ዓመት የተጠበቀች፣ ጠባብ፣ ንጹህ ክብ። ረቂቁን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳችና ሁለት ቦታ አጠፈችው።

«አልልከውም፣ ፕሮፌሰር» አለች። «አርብ ገንዳውን እናፈሰዋለን። አዲሱ ቅጽ ላይ ለባልዲ አራተኛ ዓምድ አሰምራለሁ። ከዚያ ከአንድ ጀምሬ እቆጥራለሁ።»